የሞራ ሻማ እንደ ቀደምት የአሜሪካ ሰፋሪዎች፦ ፈትል እየነከሩ ለመሥራት ዝርዝር መመሪያ

የሞራ ሻማ የሚሞክር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ችግሮች በአንዱ ተስፋ ይቆርጣል። ፈትሉን ደጋግሞ ነክሮ ሻማው አልወፍር ይለዋል። ወይም ታቹ ብቻ ያብጥና ላዩ ቀጭን ክር ሆኖ ይቀራል። ወይም ደግሞ መልኩ አምሮለት፣ ሲለኩሰው እየተንጣጣ ይጠፋበታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚመጡት ሞራው ከሚገባው በላይ ስለሚሞቅ ነው። ሦስተኛው የውሃ ጣጣ ነው። ሌላው እንከን ሁሉ በመሃል ይስተካከላል።

መመሪያውን የጻፍኩት በተለይ አሜሪካ ላሉ ወላጆች ነው። ልጆች ስለ ቅኝ ግዛት ዘመን ኑሮ የቤት ሥራ ይዘው ሲመጡ፣ ሻማ መሥራትን የሚመርጡ ብዙ ናቸው። ሌላ ቦታ ያላችሁም ሞራና የጥጥ ፈትል ካገኛችሁ ያው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የየትኛው ዓመት ቤት ነው?

ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። የልጃችሁ ሥራ በ1620 ወይም በ1621 እ.ኤ.አ. ስለነበሩት የፕሊመዝ (በዛሬዋ ማሳቹሴትስ የነበረች የእንግሊዞች ሰፈራ) ሰፋሪዎች ከሆነ የሞራ ሻማ አትሥሩ። ሞራ የሚገኘው ከብት ሲኖር ነው። ፕሊመዝ የመጀመሪያዎቹን ከብቶች ያየችው በ1624 ነው፤ ከሰፋሪዎቹ መሪዎች አንዱ የነበረው ኤድዋርድ ዊንስሎ ከእንግሊዝ ሦስት ጊደሮችና አንድ ኮርማ ይዞ ሲመለስ። እነሱንም ለማርባት እንጂ ለማረድ አልነበረም።

ታዲያ ማታ ማታ ምን ያበሩ ነበር? አንደኛው የምድጃው እሳት ነው። ሁለተኛው የዓሣ ዘይት መብራት ነው። ዊንስሎ ራሱ በ1621 መጨረሻ በጻፈው ደብዳቤ፣ ወደዚያ ለሚመጡት ሰዎች ለመስኮት ወረቀትና የተልባ ዘይት፣ ለመብራት ደግሞ የጥጥ ክር እንዲይዙ መክሯል። ሦስተኛው ሙጫ የጠገበ የፓይን ዛፍ ስንጣሪ ነው። በ1629 ሳሌም የደረሰው ቄስ ፍራንሲስ ሂጊንሰን፣ በኒው ኢንግላንድ (በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ) ለሻማ የሚሆን ሞራ እንደሌለ፣ ስንጣሪው ግን በነባሩ ሕዝብ ዘንድ የተለመደ መብራት እንደሆነ ጽፏል።

ስንጣሪውን ለማሳየት ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ፤ ቤት ውስጥ ግን አታቃጥሉት። ሙጫው እየነደደ ይንጠባጠባል፣ ጭሱም ጥቁር ነው። ሰፋሪዎቹም ምድጃው ጥግ ላይ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርገው ነበር የሚያበሩት።

ሥራው ከብቱ ከተራባ በኋላ ስላለው ዘመን ከሆነ ወደ ታች ቀጥሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለ12 ሻማ፣ እያንዳንዱ 18 ሴንቲሜትር ለሚሆን፦

- 4 ኪሎ ጥሬ የበሬ ሞራ፣ ወይም ግማሽ የበሬ ግማሽ የበግ። ሲነጠር ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል።
- ወፍራም የጥጥ ፈትል። ቀለም ያልነካው፣ ናይለን ያልተቀላቀለበት ይሁን።
- ረጅምና ጠባብ ጣሳ፤ ቁመቱ 25 ሴንቲሜትር፣ የአፉ ስፋት 11 ወይም 12 ሴንቲሜትር።
- ጣሳው የሚገባበት ትልቅ ድስት። ውሃ የሚሞላው ይኸኛው ነው።
- ሌላ ድስት ለማንጠሪያ፤ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም።
- 6 የእንጨት ዘንጎች፣ ወደ 40 ሴንቲሜትር የሚረዝሙ።
- 12 ትንንሽ ዳዶዎች ለክብደት።
- ነጠላ ጨርቅ፣ ወንፊት፣ ለስላሳ ጣውላ፣ ቢላዋ፣ ብዙ ጋዜጣ።
- የኩሽና ቴርሞሜትር። ባይኖርም ይቻላል፤ ምልክቱን እነግራችኋለሁ።

ጣሳው ጠባብ ይሁን የምለው በምክንያት ነው። ሰፋሪዎቹ ትልቅ የብረት ድስት ይጠቀሙ ስለነበር ባንድ ዘንግ ስድስትና ስምንት ፈትል ይነክሩ ነበር። እናንተ ሰፊ ድስት ከወሰዳችሁ 3 ኪሎው ሞራ ታች ተኝቶ ይቀራል፤ ፈትሉ የሚሰጥምበት ጥልቀት አታገኙም።

ደረጃ 1፦ ቀን ምረጡ

በሞቃት ቀን አትጀምሩ። ሰፋሪዎቹ ይህን ሥራ የሚሠሩት በአሜሪካ መጸው መጨረሻ፣ በኅዳር አካባቢ ነበር። ለክረምት የሚታረደው ታርዶ ሞራው በእጃቸው ነው፣ አየሩም ቀዝቅዟል። ሻማው የሚንጠለጠልበት ክፍል ከ10 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው (እዚህ ያለው ዲግሪ ሁሉ ሴልሺየስ ነው)። ከዚያ በላይ ከሞቀ እያንዳንዱ ሽፋን እስኪደርቅ ቀኑ ይመሻል። ውርጭ ያለበት በረንዳ ላይ ማንጠልጠልም አይሆንም፤ ውጩ ከውስጡ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል።

ማንጠሩን በአንድ ቀን፣ መንከሩን በሌላ ቀን አድርጉት። ባንድ ቀን ልጨርሰው ያለ ሰው ሁሉ ርጥብ ሞራ ነው የሚነክረው።

ደረጃ 2፦ ሞራውን ግዙ

ሥጋ ቤት ሄዳችሁ የኩላሊት ሞራ ጠይቁ። ነጭ፣ ደረቅ፣ በእጅ ሲጫኑት ፍርፍር የሚል ነው። አሜሪካ ውስጥ ሱዌት ካላችኋቸው ይገባቸዋል። የበሬና የበግ ብቻ ውሰዱ። የአሳማ ስብ ለስላሳ ስለሆነ ሻማው አይቆምም፤ ሽታውና ጭሱም ይበዛል። የምግብ ዘይትና ቅቤ አይረጉም፣ አትሞክሯቸው።

ደረጃ 3፦ አንጥሩ፣ ደግማችሁም አንጥሩ

1. ሥጋና ደም የነካውን ሁሉ ቆርጣችሁ ጣሉ። የሚገማው እሱ ነው።
2. ሞራውን እንደ ምስር ወጥ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ክተፉ። ትልልቅ ቁራጭ ውጩ አርሮ ውስጡ ሳይቀልጥ ይቀራል።
3. ድስት ውስጥ ከ2 ሊትር ውሃና ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ጋር ጣዱት።
4. እሳቱን ዝቅ አድርጉ። ቀስ ብሎ ይቁላላ እንጂ አይንተክተክ። ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል፤ በየጊዜው አማስሉት፣ አረፋውንም ግፈፉ።
5. ቁርጥራጩ ተጨማትሮ ሲቀንስ በወንፊትና በነጠላ ጨርቅ አጥሉት። ጨርቁን በእጅ አትጭመቁ፤ ያቃጥላል።
6. ሳትነኩት ያድር። ጠዋት ሞራው ላይ ረግቶ፣ ውሃው ታች ቀርቶ ታገኙታላችሁ።
7. የረጋውን አውጡና ገልብጡት። ከታቹ የተጣበቀውን ቡናማ ዝቃጭ በቢላዋ ፍቁ።
8. ከንጹህ ውሃ ጋር አቅልጡትና ከ5 እስከ 7 ያለውን ድገሙ።

ሁለተኛውን ዙር አትዝለሉ። ሰፋሪዎቹ ለሻማ የሚሆነውን ሞራ ሁለት ጊዜ አፍልተው ሁለት ጊዜ ይገፉት ነበር። አንዴ ብቻ የተነጠረ ሞራ ሲበራ ይሸታል፤ ቆይቶም ይሻግታል።

ቀጥሎ ያለው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሻማው እንዲበራ የሚያደርገው ግን ይኸው ነው። ንጹሁን የረጋ ሞራ በጨርቅ አድርቁ። ጣሳው ውስጥ ክተቱ፤ ጣሳውን ደግሞ ውሃ ባለው ትልቅ ድስት ውስጥ አስቀምጡና አቅልጡት። ሲቀልጥ ታች ውሃ ካጠራቀመ ሞራውን ከላይ ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ፤ ውሃውን ድፉና ጣሳውን አድርቁ፤ ሞራውን መልሱ። የቀለጠው ሞራ እንደ ዘይት ጥርት እስኪል ድረስ አትንከሩ። ደፍረስ ካለ ውሃ አለበት።

ማስጠንቀቂያ፦ ሞራ የሚቀልጥበትን ጣሳ በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱ። በውሃ ውስጥ ያለ ጣሳ ከ100 ዲግሪ ማለፍ ስለማይችል ሞራው አይነድም። የድስቱ ውሃ እንዳያልቅ እያያችሁ ጨምሩ። ስብ በእሳት ከተያያዘ ውሃ በጭራሽ አታፍሱበት፤ ይፈነዳል። እሳቱን አጥፉ፣ ክዳኑን ድፉበት፣ ድስቱን ይዛችሁ አትሩጡ። ኮንዶሚኒየም ወይም አፓርታማ ውስጥ ከሆናችሁ ሽታው ጎረቤት ይደርሳልና መስኮት ክፈቱ።

ደረጃ 4፦ ፈትሉን አዘጋጁ

50 ሴንቲሜትር ቁረጡ። እጠፉት። መታጠፊያውን ዘንጉ ላይ አጥልቁና ሁለቱን ጫፎች ባንድ ላይ አክርሩ። ከከረረ በኋላ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ያህል ይሁን። ከታች ዳዶ እሰሩበት። ባንድ ዘንግ ሁለት ፈትል ይበቃል፤ በመካከላቸው 5 ሴንቲሜትር ተው።

ቀጭን ፈትል አትጠቀሙ። ጧፍ የሠራችሁ ሰዎች እዚህ ላይ እጃችሁ እንዳያታልላችሁ። ሰም ለመቅለጥ ከ60 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፣ ሲረጋም ጠንካራ ነው። ሞራ ገና 45 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። በቀጭን ፈትል ዙሪያ የቀለጠው ሞራ ይጠራቀምና እሳቱን ያሰጥመዋል።

ሱቅ የሚሸጠው የተጎነጎነ የሻማ ክርም ይሠራል። ነገር ግን የተጎነጎነ ክር የ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ለትምህርት ቤት ከሆነ የተከረረውን ምረጡ፤ ልጆቹም በእጃቸው ማክረር ይወዳሉ።

ደረጃ 5፦ ማንጠልጠያውን አዘጋጁ

ሁለት ወንበር ጀርባና ጀርባ አድርጋችሁ አራርቁ። ሁለት ረጃጅም እንጨቶች በላያቸው አጋድሙ። ዘንጎቹ በእነዚህ ላይ ይደረደራሉ። ሰፋሪዎቹም ያደርጉት የነበረው እንዲሁ ነው። ከሥር ጋዜጣ አንጥፉ፤ ወለል ላይ የተንጠባጠበ ሞራ ያንሸራትታል።

ማንጠልጠያውን ከምድጃው ጥቂት እርምጃ አርቁት። ሙቀቱ አጠገብ ከሆነ ሻማው በሁለት ዙር መካከል አይረጋም።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ንክር

የመጀመሪያው ንክር ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል። ዓላማው ፈትሉን ማጠጣት ነው።

1. ሞራውን ከ65 እስከ 70 ዲግሪ አሙቁት።
2. ፈትሉን አስገቡና ያዙት። ትንንሽ አረፋ ይወጣል። አየር ነው።
3. አረፋው እስኪያቆም ጠብቁ፤ አንድ ደቂቃ ሊሞላ ይችላል።
4. አውጡት፣ ትንሽ ይብረድ፣ ከዚያ በጣቶቻችሁ ከላይ ወደ ታች እየሳባችሁ አቅኑት።
5. ስቀሉት።

አሁን ያልቀና ፈትል በኋላ አይቀናም። የተጣመመ ፈትል ዙሪያ የተሠራ ሻማ ባንድ ጎን ብቻ ይቀልጣል፣ ይፈስሳል። ስለዚህ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

ደረጃ 7፦ መንከር

ትዕግሥት የሚፈልገው ክፍል ላይ ደርሳችኋል። ሁሉንም ፈትል አንዴ ከነከራችሁ በኋላ እሳቱን ዝቅ አድርጉና ሞራው ወደ 50 ዲግሪ ይውረድ። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ የጣሳውን ጠርዝ ተመልከቱ። ሞራው ጣሳውን በሚነካበት ቦታ ስስ ነጭ ቀለበት መሥራት ሲጀምር ጊዜው ነው። ቀለበቱ ከጠፋ በጣም ሞቋል። ላዩ በሙሉ ከሸፈነ በጣም በርዷል። ቴርሞሜትሩ ሌላ ቀለበቱ ሌላ ቢነግሯችሁ ቀለበቱን እመኑ። የሞራ ዓይነት ይለያያል፤ የበግ የተቀላቀለበት ቀድሞ ይረጋል።

አሁን፦

1. ዘንጉን አግድም ይዛችሁ ፈትሎቹን ባንድ ጊዜ አስገቡ። «አንድ፣ ሁለት» በሉና አውጡ። ከዚያ በላይ አታቆዩ፤ የቆየ ሻማ የለበሰውን ያወልቃል።
2. ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ። ፈጥናችሁ ከሳባችሁ ይጎረብጣል።
3. ጠብታው እስኪያቆም ጣሳው ላይ ያዙት፣ ከዚያ ስቀሉት።
4. ቀጣዩን ዘንግ አንሱ። ስድስተኛው ጋ ስትደርሱ የመጀመሪያው ቀዝቅዟል።
5. ከመድገማችሁ በፊት ሻማውን ንኩት። አብረቅራቂነቱ ጠፍቶ ደብዘዝ ካለና ጣት ላይ ካልተጣበቀ ደርሷል። ካልደረሰ ጠብቁ።

ከ25 እስከ 35 ጊዜ መንከር ይጠይቃል። የመጀመሪያዎቹ ስምንትና አሥር ዙሮች ምንም የጨመሩ አይመስሉም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው እሳቱን ከፍ ያደርጋል፤ የሚበላሸውም ያኔ ነው። ቀጭን ሻማ የሚይዘው ቦታ ትንሽ ስለሆነ ነው የማይወፍረው። እየወፈረ ሲሄድ በየዙሩ የሚይዘው ይበዛል፤ ከአሥራ አምስተኛው በኋላ በዓይን የሚታይ ለውጥ አለ።

የጣሳው ሞራ እየጎደለ ይሄዳል። የቀረውን ሞራ ለብቻው አቅልጣችሁ ጨምሩ፤ ከጨመራችሁ በኋላ ቀለበቱ ተመልሶ እስኪታይ አትንከሩ። ሞራው ካለቀባችሁ ሰፋሪዎቹ የሚያደርጉት ነገር አለ። ሙቅ ውሃ ቀስ ብለው ከሥሩ ይጨምራሉ፤ ሞራው ተንሳፎ ከፍ ይላል። እናንተም ትችላላችሁ፤ ግን የሻማው ጫፍ ውሃው ድረስ እንዳይወርድ። ውሃ የነካ ሻማ ይንጣጣል።

ልጆች ካሉ ዘንጉን ጫፍና ጫፉ ላይ ይያዙ፤ አዋቂ ሰው ደግሞ ከጣሳው አጠገብ አይለይ።

ደረጃ 8፦ ቅርጽ ማስያዝ

ግማሽ ላይ ስትደርሱ፣ ማለትም ሻማው የአውራ ጣት ግማሽ ሲያህል፣ ለብ እንዳለ ታቹን ቆርጣችሁ ዳዶውን አውጡ። የተጠራቀመው እብጠትም አብሮ ይሄዳል። ቁራጩን ወደ ጣሳው መልሱ። ሻማውን ጣውላው ላይ አጋድማችሁ በመዳፍ ቀስ እያላችሁ አንከባልሉት፤ ይስተካከላል። ቀዝቅዞ ከሆነ አታንከባልሉ፣ ይሰበራል።

ሻማው 2 ሴንቲሜትር ሲወፍር መጨረሻ ላይ ሞራውን ወደ 60 ዲግሪ አሙቁና አንዴ ብቻ ነክራችሁ ወዲያው አውጡ። ላዩ ይለሰልሳል። ሁለት ጊዜ ካደረጋችሁት የለፋችሁበት ይቀልጣል።

ደረጃ 9፦ አሳርፉት

ሌሊቱን እንደተሰቀለ ይደር። ከዚያ ፈትሉን ከዘንጉ አውጡና ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡት። ወዲያው አትለኩሱ። አንድ ሁለት ሳምንት ቀዝቃዛ ቦታ ከቆየ ይጠነክራል፣ ቀስ ብሎም ይነድዳል።

የምታስቀምጡበት ዕቃ ክዳን ይኑረው። አይጥ የሞራ ሻማ ይበላል። ሰፋሪዎቹ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ክዳን ያለው የሻማ ሣጥን የነበራቸው ለዚሁ ነው። በበጋ ፀሐይ መኪና ውስጥ ትታችሁት እንዳትሄዱ፤ ይታጠፋል።

ደረጃ 10፦ ማብራት

የሞራ ሻማ ለኩሰው የሚተዉት ነገር አይደለም። የተከረረ ፈትል ራሱን አያቃጥልም፤ እየጠቆረ ይረዝማል፣ ነበልባሉም ይጨሳል። በየጥቂት ደቂቃው የጠቆረውን ጫፍ በመቀስ ቁረጡ፤ የተቆረጠውን ሻማው ላይ አትጣሉ። ነፋስ የማይነካው ቦታ፣ ሰፊ የብረት ሳህን ላይ አቁሙት። ክፍሉን ለቃችሁ ስትወጡ አጥፉ። ትምህርት ቤት እንዲበራ ብላችሁ አትላኩ፤ ማሳየቱ ይበቃል።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

አልወፍር ካለ፦ ሞራው ሞቋል ወይም ሻማው አልቀዘቀዘም። እሳቱን አጥፉ፣ ቀለበቱን ጠብቁ፣ በዙር መካከል 5 ደቂቃ ስጡት።

ጎርበጥባጣ ከሆነ፦ ሞራው በርዷል። ትንሽ አሙቁ፣ ለብ ያለውን ሻማ አንከባልሉ፣ ቀጥሉ።

ሁለቱ ሻማ ከተጣበቁ፦ በጉልበት አትለዩአቸው። ሞቅ ባለ ቢላዋ መሃላቸውን ቁረጡና አንከባልሏቸው።

ከተሰነጠቀ፦ ክፍሉ በጣም ቀዝቅዟል። ሻማዎቹን ሞቅ ወዳለ ክፍል አስገቡ፤ 60 ዲግሪ በሆነ ሞራ ሁለት ሦስት ሰኮንድ ንከሩ። ስንጥቁ ጥልቅ ከሆነ መልሳችሁ አቅልጡት፤ ፈትሉም ሞራውም አይባክንም።

ሲበራ ከተንጣጣ፦ ውሃ አለበት። ይህ ከላይ አይጠገንም። ሁሉንም አቅልጡ፣ ጥርት እስኪል አድርቁት፣ በአዲስ ፈትል ጀምሩ።

እሳቱ ከሰጠመ፦ ፈትሉ ቀጥኗል። ለሚቀጥለው አንድ ክር ጨምራችሁ አክርሩ።

በጣም ከለሰለሰ፦ ሞራው ከኩላሊት ሳይሆን ከሌላ ስብ የመጣ ሊሆን ይችላል። አራት እጅ ሞራ ላይ አንድ እጅ የንብ ሰም ቀላቅሉ። የባሕር ዳርቻ ሰፋሪዎች ቤይቤሪ የሚባለውን ፍሬ በውሃ አፍልተው፣ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ ሰም ይገፉ ነበር። እሱም ሻማውን ያጠነክራል፣ መዓዛም ይሰጠዋል። ግን ብዙ ፍሬ ገብቶበት የሚወጣው ሰም ጥቂት ነው፤ ለቅመው ከመልፋት ገዝታችሁ ቀላቅሉ። ሰም ሲገባበት የመንከሪያውን ሙቀትም ጥቂት ዲግሪ ጨምሩ።

ማጽዳት

የተረፈውን ሞራ ጠርሙስ ውስጥ አጥሉትና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፤ ለሌላ ጊዜ ይሆናል። የቀለጠ ሞራ የዕቃ ማጠቢያ ውስጥ አታፍሱ፤ ቧንቧው ውስጥ ረግቶ ይዘጋዋል። ጣሳውንና ድስቱን ገና ሙቅ ሳሉ በጋዜጣ ጥረጉ፤ ጋዜጣውን ቆሻሻ ውስጥ ጣሉ፤ ከዚያ በፈላ ውሃና በሳሙና እጠቡ። ነጠላ ጨርቁን ከሌላ ልብስ ጋር ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አትክተቱ፤ ለብቻው ቀቅሉት ወይም ጣሉት።